ምዕራፍ ሰባት፦ አስተርጓሚው የት ይቁም?

ባለፈው ምዕራፍ፣ በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ብዙ ፕሮግራሞች በአንድ ጊዜ ሲሠሩ አንዱ የሌላውን ማኅደረ ትውስታ እንዳይደፍር ፕሮሰሰሩ ራሱ በመካከላቸው ወሰን እንደሚያቆም፣ ከዚህም የተነሣ የጽሕፈቱ ፕሮግራም ተበላሽቶ ቢዘጋ እንኳ ሙዚቃው ሳይቋረጥ መሰማቱን እንደሚቀጥል ተመልክተናል። ያን ምዕራፍ በሚገባ ያስተዋለ አንባቢ፣ ቀጥሎ የምንተርከውን እውነተኛ ነገር ሲሰማ አንድ ጥያቄ በኅሊናው መነሣቱ አይቀርም።

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1998፣ በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ በተከፈተው ኮምዴክስ በሚባለው የኮምፒውተር ዐውደ ርእይ ላይ፣ ቢል ጌትስና ባልደረባቸው ክሪስ ካፖሴላ በመድረክ ቆመው ገና ለገበያ ያልዋለውን ዊንዶውስ 98 ለተሰበሰበው ሕዝብ ያሳዩ ነበር። መሣሪያ በተሰካ ጊዜ ኮምፒውተሩ ወዲያው ዐውቆ እንደሚቀበለው ለማስረዳት አንድ ስካነር በዩኤስቢ ገመድ ቢያገናኙ፣ የማሽኑ ገጽ በድንገት ሰማያዊ ሆነ፤ በላዩም የስሕተት ማስታወቂያ ታየ፤ ኮምፒውተሩም ሥራውን አቆመ።

ስካነር በወረቀት ላይ ያለውን ምስል አንብቦ ከማስተላለፍ በቀር ሌላ ግብር የለውም። አንድ ፕሮግራም ሲበላሽ ብቻውን የሚወድቅ ከሆነ፣ ይህን የመሰለ አነስተኛ ዕቃ መሰካቱ ስለ ምን መላውን ማሽን ይጥላል? ነገሩ በመውደቅ ብቻ ቢያበቃ ጉዳቱ ቀላል በሆነ ነበር፤ ዳሩ ግን ማሽኑን የሚጥለው ያው መንገድ፣ በብልኀተኛ ጠላት እጅ ሲገባ፣ የማሽኑን ሥልጣን በሙሉ የሚያስረክብ መንገድ ይሆናል። የሁለቱም ሥር አንድ ነው፤ እርሱም ድራይቨር የሚባለው ፕሮግራም የሚቆምበት ስፍራ ነው። ይህ ምዕራፍ የሚናገረው ስለዚህ ስፍራ ነው።

እልፍኝና አዳራሽ

አንባቢው የጥንቱን ቤተ መንግሥት አሠራር በኅሊናው ይሣል። በግቢው መካከል እልፍኝ አለ፤ በዚያም ንጉሡ፣ የግምጃ ቤቱ መክፈቻ፣ በጸሐፌ ትእዛዙ እጅ ያለው ማኅተም፣ የመንግሥቱም ምሥጢር ሁሉ ይገኛል። ከእልፍኙ ውጭ ሰፊው አዳራሽ አለ፤ ባለጉዳይ ሁሉ የሚሰበሰበውና አቤቱታውን የሚያቀርበው በዚያ ነው። በሁለቱ መካከል እልፍኝ አስከልካዩ ቆሟል። በአዳራሹ ያለ ሰው ከግምጃ ቤት አንድ ነገር ቢሻ ጥያቄውን በእልፍኝ አስከልካዩ በኩል ይልካል እንጂ ገብቶ በእጁ አይወስድም፤ የተፈቀደለት እንደ ሆነ በውስጥ ያሉት ይፈጽሙለታል፣ ያልተፈቀደለት እንደ ሆነ ባዶ እጁን ይመለሳል። አንድ ጊዜ ወደ እልፍኝ የዘለቀውን ሰው ግን ማንም አይጠይቀውም፤ ጥበቃው የተሠራው ከውጭ ወደ ውስጥ ለሚመጣው ነውና።

የዛሬው ኮምፒውተር የተደራጀው በዚህ ዓይነት ነው። በአምስተኛው ምዕራፍ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ አስኳል ብለን የጠራነው ከርነል የሚሠራው በእልፍኙ ውስጥ ነው፤ በዚያ ማዕረግ የሚሰጠውን ትእዛዝ ፕሮሰሰሩ ያለ ጥያቄ ይፈጽማል፣ ከማኅደረ ትውስታውም ለእርሱ የተከለከለ ስፍራ የለም። ይህን የከርነል ማዕረግ እንለዋለን። የምንጽፍባቸው፣ ሥዕል የምናይባቸው፣ ድረ ገጽ የምናነብባቸው ፕሮግራሞች ግን በአዳራሹ፣ በተጠቃሚ ማዕረግ ይሠራሉ፤ ከዲስክ ላይ አንዲት ፊደል ለማንበብ እንኳ ከርነሉን መጠየቅ ግድ ይሆንባቸዋል። ይህም በደንብ ብቻ የተጻፈ ልዩነት ሳይሆን በፕሮሰሰሩ አካል ውስጥ የተሠራ ነው። አሳቡ የዳበረው በ1960ዎቹ የኤምአይቲ ሊቃውንት ከቤል ላብራቶሪና ከጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ጋር ሆነው በጀመሩት መልቲክስ በተባለው ታላቅ ሥራ ውስጥ ነው፤ ኢንቴል በ1982 ባወጣው 80286 በተባለው ፕሮሰሰር ደግሞ ማዕረጎቹ ከ0 እስከ 3 አራት ሆነው ገቡ። ዊንዶውስና ሊነክስ የተባሉት ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች ግን ከአራቱ የሚሠሩት በሁለቱ ዳርቻዎች፣ በ0 እና በ3 ብቻ ነው።

አሁን ወደ ድራይቨሩ እንምጣ። መሣሪያ ሁሉ የየራሱ ልሳን አለው፤ ፕሪንተሩ የሚሰማው ቃል ለካሜራው ትርጉም የለውም፣ አንዱ ኩባንያ የሠራው ካሜራም ሌላው ኩባንያ ከሠራው ጋር ቋንቋው አንድ ላይሆን ይችላል። ድራይቨር እንግዲህ አስተርጓሚ ነው፤ ከእንግዳው የሰማውን ለከርነሉ በሚገባው ቃል ያቀርባል፣ የከርነሉንም ፈቃድ ለእንግዳው በልሳኑ ይነግረዋል። ይህ አስተርጓሚ ከጥንት ጀምሮ በልማድ የሚቆመው በእልፍኙ ውስጥ ነበር። ምክንያቱም የታወቀ ነው፤ በቀድሞ ዘመን መሣሪያዎች በቀጥታ ከማሽኑ የውስጥ ሽቦዎች ጋር ይገናኙ ስለ ነበር እነርሱን መንካት የሚቻለው በከርነል ማዕረግ ብቻ ነበረ፤ በእልፍኙ በር መግባትና መውጣት ደግሞ ጊዜ ይፈጃል፣ የዚያ ዘመን ፕሮሰሰርም የሚያባክነው ጊዜ አልነበረውም።

እንዲህ ያለው አስተርጓሚ የሚያስተረጉመው የአንድ ስካነር ቃል ብቻ ሆኖ ሳለ የግምጃ ቤቱ መክፈቻና የመንግሥቱ ማኅተም በእጁ ነው። ከተሳሳተም በአጠገቡ ያለውን ሁሉ ይዞ ይወድቃል፤ በቺካጎው መድረክ ሰማያዊው ገጽ የታየው ስሕተቱ የደረሰው በዚህ ማዕረግ ስለ ነበረ ነው። የሚሳሳተውም ከሌሎቹ ይልቅ አዘውትሮ ነው። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2001 ባወጡት ጥናት፣ በሊነክስ ከርነል ውስጥ በድራይቨሮች የሚገኘው የስሕተት መጠን በሌሎቹ የከርነሉ ክፍሎች ከሚገኘው ከሦስት እስከ ሰባት እጥፍ ሊደርስ እንደሚችል አሳይተዋል። ይህ የሚያስገርም አይደለም። ድራይቨሩን የሚጽፈው ብዙ ጊዜ መሣሪያውን የሠራው ኩባንያ ሰው ሲሆን፣ መሣሪያውን ጠንቅቆ ቢያውቅም የእልፍኙን ደንብ ላያውቅ ይችላል፤ ደግሞም የከርነሉ ዐበይት ክፍሎች በእያንዳንዱ ማሽን ላይ ዕለት ዕለት ሲፈተኑ፣ ድራይቨሩን የሚፈትነው መሣሪያውን የገዛ ሰው ብቻ ነው።

እንግዳው ስለ ራሱ የሚሰጠው ቃል

ዩኤስቢ የተባለው ሥርዐት በ1996 ከመውጣቱ በፊት ኪቦርዱ፣ ማውሱ፣ ፕሪንተሩ፣ ሞደሙ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቅርጽ ያለው መሰኪያ ነበራቸው። ኮምፓክ፣ ዴክ፣ አይቢኤም፣ ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍት፣ ኤንኢሲና ኖርቴል ተባብረው ያወጡት አዲሱ ሥርዐት ግን ለሁሉም አንድ በር ከፈተ፤ በአንድ ተቈጣጣሪ ሥር እስከ 127 የሚደርሱ መሣሪያዎች ሊገናኙ ይችላሉ። በሩ አንድ ከሆነ የገባው እንግዳ ማን እንደ ሆነ መጠየቅ የግድ ነው፤ ስለዚህም መሣሪያው በተሰካ ቅጽበት ከርነሉ «አንተ ማን ነህ?» ይለዋል። መሣሪያውም 18 ባይት የሆነች አጭር ቃል ይመልሳል፤ በእርስዋም ውስጥ የሠራው ኩባንያ ቁጥር፣ የዕቃው ቁጥር፣ የወገኑም ዓይነት ይገኛል። ከዚያ በኋላ አሠራሩ ምን ምን እንደ ሆነና በምን በምን መንገድ እንደሚነጋገር የሚገልጹ ረዘም ያሉ ቃሎች ይከተላሉ። ከርነሉ ይህን ሁሉ ሰምቶ ከአስተርጓሚዎቹ መካከል ለእንግዳው የሚስማማውን ይጠራለታል።

እዚህ ላይ አንባቢው ጥቂት እንዲቆይ እሻለሁ፤ የምዕራፉ ፍሬ ነገር ያለው እዚህ ነውና። እንግዳው ስለ ራሱ የተናገረውን የሚያጸና ማኅተም የለም፣ ምስክርም አይጠራበትም። የኩባንያው ቁጥር ቁጥር ብቻ ነው፤ ማንም ሊጠራው ይችላል። ሥርዐቱ በተወጠነበት ዘመን እንግዳው ባለቤቱ ከሱቅ ገዝቶ በእጁ የሚሰካው ዕቃ ስለ ነበረ ይዋሻል ብሎ ያሰበ አልነበረም፤ ቢሳሳት እንጂ አያታልልም ተብሎ ነበር። ዛሬ ግን ከአውራ ጣት የማትበልጥ፣ በርካሽ የምትገዛ አንዲት ሰሌዳ የተፈለገውን ቃል ሁሉ እንድትናገር ማስተማር ለአንድ የምሕንድስና ተማሪ የሚከብድ ሥራ አይደለም።

ከዚህ የሚከተለውን ስናስበው ነገሩ ይበልጥ ያስፈራል። እንግዳው ማንነቱን በራሱ ቃል የሚወስን ከሆነ፣ የሚያነጋግረውን አስተርጓሚ የሚመርጠው ከርነሉ ሳይሆን እንግዳው ራሱ ነው። በአንድ ሊነክስ ማሽን ውስጥ ለብዙ መቶ ዓይነት የዩኤስቢ ዕቃዎች የተዘጋጁ ድራይቨሮች ተኝተው ይጠብቃሉ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ከገበያ ከጠፋ ዘመን ላለፈው ዕቃ የተጻፉ፣ ጻፊዎቻቸውም ከተዉአቸው የቈዩ ናቸው። ጠላት ከመካከላቸው እጅግ ደካማውን ፈልጎ ስሙን ቢጠራ፣ ያ አስተርጓሚ ከእንቅልፉ ተነሥቶ በእልፍኙ ውስጥ ሆኖ ያዳምጠዋል። ጎግል ያሠራው ሲዝካለር የተባለው መፈተኛ፣ ያልታሰበ ቃል ያለ ማቋረጥ እየፈጠረ ከርነሉን የሚጠይቅ ፕሮግራም ነው፤ በእርሱ ይሠሩ የነበሩት አንድሬ ኮኖቫሎቭ በ2017 በሊነክስ የዩኤስቢ ክፍሎች ያገኟቸውን 14 የደኅንነት ቀዳዳዎች በአንድ ጊዜ ይፋ አድርገዋል። እነዚህም ካገኟቸው ስሕተቶች ሁሉ ጥቂቶቹ ነበሩ።

አስተርጓሚው የሚሳሳተው እንዴት ነው? በአራተኛው ምዕራፍ ማኅደረ ትውስታ በተራ ቁጥር የተሰየሙ ክፍሎች ያሉት እንደ ሆነ፣ ፕሮግራምም የሚቀበለውን ነገር ከማኖሩ በፊት ስፍራ ለክቶ ማዘጋጀት እንዳለበት ተናግረናል። እንግዳው ስለ ራሱ በሚናገርበት ጊዜ ርዝመቱን የሚነግረውም እርሱ ራሱ ነው። ርዝመቴ ይህን ያህል ነው ብሎ አስተርጓሚው በዚያ መጠን ስፍራ ካዘጋጀለት በኋላ ከዚያ የበለጠ ቢናገር፣ አስተርጓሚውም ሳይመረምር መጻፉን ቢቀጥል፣ ትርፉ በአጠገቡ ባለው ስፍራ ላይ ይጻፋል፤ በዚያም የነበረው፣ ምናልባት የከርነሉ ሥልጣን የተመዘገበበት ሊሆን ይችላል፣ በእንግዳው ቃል ይተካል። በ2010 የሶኒን ፕሌይስቴሽን 3 የከፈተችው ትንሽ የዩኤስቢ ዕቃ ያደረገችው በዓይነቱ ይህን ነበር፤ ራሷን ብዙ መሰኪያ ያለው ማከፋፈያ አስመስላ፣ በውስጧ የሌሉ መሣሪያዎች እንደ ተሰኩና እንደ ተነቀሉ እያሳየች፣ ከመጠን ባለፈ ቃል የማሽኑን ማኅደረ ትውስታ አዛባችው።

የሰርቢያው ተማሪ ስልክ

እስከ አሁን የተናገርነው ለሊቃውንት ክርክር ብቻ የሚሆን ነገር የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ የሚከተለውን ያንብብ። በፌብሩዋሪ 2025 አምነስቲ ኢንተርናሽናል የተባለው የሰብአዊ መብት ድርጅት ባወጣው ዘገባ፣ በሰርቢያ በተቃውሞ ሰልፍ የተሳተፈ የአንድ ወጣት ተማሪ አንድሮይድ ስልክ ከሁለት ወር በፊት፣ በዲሴምበር 2024፣ በባለሥልጣኖች እጅ ሳለ ሴሌብራይት በተባለው ኩባንያ መሣሪያ እንደ ተከፈተ አስታወቀ። ስልኩ ተቈልፎ ነበር፤ የይለፍ ቃሉን የሰጠ አልነበረም። የተገባው በዩኤስቢ መሰኪያው በኩል፣ በሊነክስ ከርነል ውስጥ ባሉ የዩኤስቢ ድራይቨሮች ቀዳዳ ነው፤ አንድሮይድ በሊነክስ ከርነል ላይ የተሠራ ነውና።

የተገለጡት ቀዳዳዎች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው በቪዲዮ ካሜራ ድራይቨር ውስጥ የተገኘ ነው። ካሜራ በተሰካ ጊዜ የሚያቀርባቸውን የምስል ዓይነቶች ይዘረዝራል፤ ድራይቨሩም አስቀድሞ ለዝርዝሩ የሚያስፈልገውን ስፍራ ያሰላል፣ ቀጥሎ ዝርዝሩን ይመዘግባል። ሲያሰላ ዓይነታቸው ያልተወሰነውን ምስሎች አይቈጥርም፤ ሲመዘግብ ግን እነርሱንም ይመዘግባል። እንግዲህ ሐሰተኛ ካሜራ ዓይነታቸው ያልተወሰነ ምስሎችን ቢደረድርለት ከተለካው ስፍራ አልፎ ይጽፋል ማለት ነው። ይህ ግድፈት በከርነሉ ውስጥ ከ2008 ጀምሮ ዐሥራ ስድስት ዓመት ያህል ተቀምጦ ነበር። ሦስተኛው በኪቦርድና በመሰሎቹ ክፍል ያለ ሲሆን፣ ያልጸዳ ማኅደረ ትውስታ ስለሚጠቀም በዚያ የተረፈው ምሥጢር ወደ ውጭ እንዲፈስ መንገድ ይከፍታል።

ሁለተኛው ግን ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምር ነው። ኤክስቲጂ የተባለውን፣ ክሪኤቲቭ የተባለው ኩባንያ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ የሸጠውን የድምፅ መሣሪያ የሚመለከት ነው። ይህ መሣሪያ ሲነሣ ስለ ራሱ የሚሰጠውን ቃል እንደ ገና መስማት ያስፈልግ ስለ ነበር፣ ድራይቨሩ ማንነቱን ሁለት ጊዜ ይጠይቀዋል፤ የሁለተኛውንም መልስ በመጀመሪያው ላይ ይተካዋል። ሐሰተኛው እንግዳ በመጀመሪያ አነስተኛ ቁጥር ያላቸው አሠራሮች አሉኝ ብሎ ስፍራ ከተለካለት በኋላ፣ በሁለተኛው ጊዜ ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ቢናገር፣ ከርነሉ በኋላ ስፍራውን ሲያስለቅቅ ያልተሰጠውን ስፍራ ጭምር ይነካል። ቃሉን የለወጠ ምስክር የኋለኛው ቃሉ ያለ ምርመራ ተቀባይነት አገኘ ማለት ነው። የዚያ ስልክ ባለቤት ምናልባት ኤክስቲጂ የሚባል ዕቃ በዐይኑ አይቶ አያውቅም፤ ቢሆንም የኤክስቲጂ አስተርጓሚ በስልኩ እልፍኝ ውስጥ መክፈቻውን ይዞ ይጠብቅ ነበር። ሦስቱም ቀዳዳዎች ዛሬ ተደፍነዋል። ስፍራው ግን አልተለወጠም፤ ለነገው ቀዳዳ ክፍት ነው።

አስተርጓሚውን ወደ አዳራሹ ማውጣት

እንግዲህ መፍትሔው አስተርጓሚዎቹ ፈጽሞ እንዳይሳሳቱ ማድረግ ነው ቢባል፣ ይህ ከሰው ልጅ ባሕርይ በላይ ነው፤ በብዙ ሚሊዮን የሚቈጠር የፕሮግራም መስመር ውስጥ ግድፈት አይጠፋም። ሊቃውንት የመረጡት ሌላ መንገድ ነው፤ አስተርጓሚው ይሳሳት ይሆናል፣ ነገር ግን በሚሳሳትበት ጊዜ በአዳራሹ ይቁም። ጀሮም ሳልዝተርና ማይክል ሽሮደር የተባሉ የኤምአይቲ ሊቃውንት በ1975 ባወጡት ጽሑፍ፣ እያንዳንዱ ፕሮግራም ሥራውን ለመፈጸም ከሚያስፈልገው በላይ ሥልጣን እንዳይኖረው የሚያዝዘውን መሠረታዊ ሕግ ደንግገዋል። የተጠቃሚ ማዕረግ ድራይቨር የዚህ ሕግ ፍጻሜ ነው። የስካነር አስተርጓሚ የስካነሩን ቃል ለመስማትና ለመመለስ የሚበቃ መብት ይሰጠዋል፤ ከዚያ የተረፈውን ሁሉ ይከለከላል።

ለዚህ ዓይነቱ አሠራር ከመሣሪያዎች ሁሉ ይልቅ የሚስማሙት የዩኤስቢ መሣሪያዎች ናቸው፤ ምክንያቱም በዩኤስቢ ሥርዐት መሣሪያው ሳይጠየቅ አይናገርም፣ የማሽኑን ማኅደረ ትውስታም በገዛ እጁ አይነካም። ቃሉን ሁሉ የሚቀበለውና የሚያደርሰው በማሽኑ ውስጥ ያለው ተቈጣጣሪ ነው። ስለዚህ በእልፍኙ ውስጥ የተቈጣጣሪው አዛዥና መልእክት አመላላሹ ብቻ ቀርተው፣ የታሸገውን መልእክት ሳይከፍቱ ወደ አዳራሹ ሊያሳልፉት ይችላሉ፤ ከፍቶ የሚያነብበውና የሚተረጕመው በአዳራሹ ያለው ድራይቨር ይሆናል። እንግዳው በሐሰት ቃል ቢያስተው የሚዛባው የድራይቨሩ ማኅደረ ትውስታ ብቻ ነው። ከወደቀም ብቻውን ይወድቃል፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙም ሬሳውን አንሥቶ በስፍራው አዲስ ይተካል። በአምስተርዳም የፍራይ ዩኒቨርሲቲ መምህር አንድሩ ታነንባምና ተማሪዎቻቸው በ2005 ያወጡት ሚኒክስ 3 የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ድራይቨሮቹን ከሞላ ጎደል ሁሉ ከእልፍኝ አውጥቶ፣ የሞተውን እየተከታተለ የሚያስነሣ አንድ ልዩ አገልጋይ ሾሞባቸዋል።

ነገሩ በትምህርት ቤት ብቻ አልቀረም። በሊነክስ ላይ ሊብዩኤስቢ የተባለው የፕሮግራም ቤተ መጻሕፍት ማንም ጸሐፊ በተጠቃሚ ማዕረግ ሆኖ ከዩኤስቢ መሣሪያ ጋር እንዲነጋገር ያስችላል፤ ብዙ ስካነሮች ዛሬ በሊነክስ የሚሠሩት በዚህ መንገድ ነው። ማይክሮሶፍት ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ድራይቨር በተጠቃሚ ማዕረግ የሚጻፍበትን ሥርዐት ዘርግቷል። አፕል ደግሞ በ2019 ድራይቨርኪት የተባለውን ሥርዐት ሲያስተዋውቅ፣ በከርነል ውስጥ ይገቡ የነበሩት የሌሎች ኩባንያዎች ተጨማሪዎች ወደ ፊት እንደሚቀሩ አብሮ አስታውቋል፤ ከሦስቱ ይልቅ ቆራጡ ውሳኔ ይህ ይመስለኛል።

ዋጋውስ? እያንዳንዱ መልእክት በእልፍኙ በር ማለፉ ጊዜ ይወስዳል። ሁለተኛው የዩኤስቢ ትውልድ አንዱን ሴኮንድ በ8000 ተራዎች ከፍሎ ለእያንዳንዱ ተራ 125 ማይክሮሴኮንድ ይሰጣል፤ ድምፅና ተንቀሳቃሽ ምስል ተራቸውን ካሳለፉ ይቋረጣሉ። ኪቦርድና ዲስክም ማሽኑ ሲነሣ፣ አዳራሹ ገና ሳይዘጋጅ፣ የሚያስፈልጉ ናቸው። ስለዚህ ፈጣኑ ዲስክ በእልፍኝ ቢቀር ምክንያቱን ልረዳው እችላለሁ። ስካነርን፣ ፕሪንተርን፣ መለኪያዎችን፣ በተለይም ከገበያ የጠፉትን ብርቅ ዕቃዎች ግን በከርነል ማዕረግ ለማቈየት የሚቀርበው ምክንያት በዛሬው የፕሮሰሰር ፍጥነት ፊት ሚዛን አይደፋም፤ ሐሳቤ ይህ ነው።

ስፍራ መለወጥ የማይፈውሰው

ይህን ስል ግን አንባቢው በተጠቃሚ ማዕረግ የተጻፈ ሁሉ የታመነ ነው ብሎ እንዲያስብ አልሻም። በአዳራሹ መቆም ብቻውን አይበቃም፤ በአዳራሹ ቆሞ የእልፍኙን መክፈቻ በኪሱ የያዘ አስተርጓሚም አለ። በሊነክስ ሩት በሚባለው የበላይ አስተዳዳሪ ስም የሚሠራ ድራይቨር፣ ማዕረጉ የተጠቃሚ ቢሆንም እንኳ፣ የፈለገውን ፋይል ያነብባል፣ የፈለገውንም ፕሮግራም ያስነሣል፤ ቢታለል ጠላት የሚያገኘው ሥልጣን ከከርነሉ የሚያንሰው በጥቂት ነው። በዊንዶውስ እነዚህ ድራይቨሮች መብቱ ባነሰ የአገልግሎት ስም እንዲሠሩ መደረጋቸው ስለዚህ ነው።

ሌላም አዲስ ጥያቄ ይነሣል፤ አስተርጓሚው ወደ አዳራሹ ከወጣ፣ በአዳራሹ ያለው ሕዝብ ሁሉ እንግዳውን እንዳያነጋግር የሚከለክለው ማን ነው? የፈቃድ ጣጣ የሰለቸው ሰው መሣሪያውን ለፕሮግራም ሁሉ ክፍት ሲያደርገው ብዙ ጊዜ ይታያል፤ ያን ጊዜ ማንኛውም ተንኰለኛ ፕሮግራም አስተርጓሚ ነኝ ብሎ ሊቀርብ ይችላል። ጎግል ክሮም በ2017 ድረ ገጾች በባለቤቱ ፈቃድ የዩኤስቢ መሣሪያን እንዲያነጋግሩ በፈቀደ ጊዜ፣ ተመራማሪዎች በሚቀጥለው ዓመት ሐሰተኛ ድረ ገጽ በዚሁ በር ገብቶ አንዳንድ በዩኤስቢ የሚሰኩ የደኅንነት ቁልፎችን ሊያታልል እንደሚችል አሳዩ፤ ጎግልም በሩን ማጥበብ ግድ ሆነበት።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ጀርመናውያኑ ካርስተን ኖልና ያኮብ ሌል በኦገስት 2014 በላስ ቬጋስ ያሳዩት ነው። በተራ ፍላሽ ውስጥ ያለውን የውስጥ ፕሮግራም ለውጠው «እኔ ኪቦርድ ነኝ» እንዲል አደረጉት፤ ከዚያም ፍላሹ ባለቤቱ የጻፈ አስመስሎ ትእዛዝ ይጽፍ ጀመር። እዚህ ላይ አስተርጓሚው አልተሳሳተም፤ የተነገረውን በትክክል ተረጐመ። ክፋቱ ያለው በመልእክቱ ውስጥ ነውና አስተርጓሚው በእልፍኝም ይቁም በአዳራሽ ለውጥ የለውም። መድኀኒቱ ያለው በግቢው ደጅ ነው። አይፎን ከ2018 ጀምሮ ተቈልፎ አንድ ሰዓት ያለፈው እንደ ሆነ አዲስ መሣሪያን አያነጋግርም፤ አፕል ራሱ የሠራው ፕሮሰሰር ያላቸው የማክ ላፕቶፖች ከ2022 ወዲህ አዲስ ዕቃ ሲሰካ ባለቤቱን ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ በሊነክስም አስተዳዳሪው ካልፈቀደ በቀር የተሰካውን ሁሉ በደጅ የሚያስቈም ሥርዐት አለ፣ የሚያውቁትና የሚሠሩበት ግን ጥቂቶች ናቸው።

እንግዲህ በየጽሕፈት ቤቱና በየፎቶ ኮፒው ፍላሽ ይዘን የምንዞር ሁሉ፣ ስልካችንንም በማናውቀው ገመድ ኀይል የምንሞላ ሁሉ፣ ልናደርገው የሚገባን አነስተኛ ነገር አለ፤ የስልኩ ማደሻ በመጣ ጊዜ ሳንዘገይ እንጫን፣ ስልካችንንም ሳንቈልፍ በማናውቀው መሰኪያ ላይ አንተው። በዩኒቨርሲቲዎቻችን መሣሪያ ለመሥራትና ድራይቨር ለመጻፍ ለምትማሩ ወጣቶች ደግሞ አንድ ልመና አለኝ፤ የመጀመሪያውን ድራይቨራችሁን በተጠቃሚ ማዕረግ ጻፉት፣ ከሚያስፈልገው መሣሪያ በቀር ሌላ መብት አትስጡት፣ እንግዳው የሚነግራችሁንም ርዝመት ሁሉ ስፍራ ከማዘጋጀታችሁ በፊትም ከመጻፋችሁ በፊትም መርምሩ።